ስኳር ለሌለበት ሰው ሜትፎርሚን፦ ስለ "የእርጅና ኪኒን" ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ፒያሳ አካባቢ ባለ መድኃኒት ቤት ነው። ሜትፎርሚን የማልሰጥበት ቀን የለም። ድሮ ስለዚህ ኪኒን የሚጠይቁኝ ስኳር ያለባቸው ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን አሁን ስኳር የሌለባቸውም ይመጣሉ። አንዱን ሴት ልጁ ከአሜሪካ ደውላ "አባዬ፣ ዕድሜ ያረዝማል አሉ፤ ጀምር" ብላዋለች። ሌላው ዩቲዩብ ላይ አይቶ ነው። በቅርቡ ደግሞ አንዲት እናት ነጠላቸውን አስተካክለው ጠጋ አሉና "ልጄ፣ ለእርጅና የሚሆን ኪኒን መጣ ይላሉ፤ እውነት ነው?" ብለው ጠየቁኝ። ከኋላቸው ሰልፍ ነበር። በሁለት ቃል መልሼ ሸኘኋቸው። ቀኑን ሙሉ ከነከነኝ። ይህን የጻፍኩት በሁለት ቃል የማያልቀውን ለመመለስ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሜትፎርሚን ምንድን ነው?

ለሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም በብዛት የሚታዘዝ ኪኒን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ባለ 500 ሚሊግራም ሆኖ ይመጣል፤ ከምግብ ጋር ይወሰዳል። ዋና ሥራው ጉበት ላይ ነው። ጉበት ወደ ደም የሚለቀውን ስኳር ይቀንሳል። ኢንሱሊንም በደንብ እንዲሠራ ያግዛል። ብቻውን ሲወሰድ ስኳርን ከልክ በታች የማውረድ ጠባይ የለውም ማለት ይቻላል። ሐኪሞች የሚወዱት አንዱ ለዚህ ነው።

ሥሩ ዕፅ ነው። አውሮፓ ውስጥ ጋሌጋ የሚባል ተክል በመካከለኛው ዘመን ለባህል ሕክምና ያገለግል ነበር። በተክሉ ውስጥ ካለ ንጥረ ነገር ጋር የሚዛመደው ሜትፎርሚን በ1922 ደብሊን ውስጥ በቤተ ሙከራ ተሠራ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። በ1957 ዣን ስተርን የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም ለስኳር ታማሚዎች መስጠቱን አሳተመ። "ግሉኮፋጅ" የሚለው ስም የመጣው ያኔ ነው። ስኳር በሊታ ማለት ነው። አሜሪካ የፈቀደችው ግን በጣም ዘግይታ በ1994 ነው። የዘገየችበት ምክንያት አለው፤ ወደ ኩላሊት ስንደርስ እነግራችኋለሁ።

የስኳር መድኃኒት ከእርጅና ጋር ምን አገናኘው?

ነገሩ የጀመረው ከራሳቸው ከታማሚዎቹ ነው። በ1998 አንድ ትልቅ የእንግሊዝ ጥናት ውጤቱን አወጣ። ክብደታቸው ከፍ ያለ የስኳር ታማሚዎች በሜትፎርሚን ሲታከሙ፣ በአመጋገብ ብቻ ከታከሙት ይልቅ በማንኛውም ምክንያት የመሞት ዕድላቸው በ36 በመቶ ቀንሶ ተገኘ። ስኳርን ከማውረድ ያለፈ ነገር ይሠራ ይሆን እንዴ የሚል ጥያቄ ተነሣ።

ከዚያ 2014 መጣ። ተመራማሪዎች ሜትፎርሚን የጀመሩ ከ78 ሺህ በላይ የብሪታንያ ታማሚዎችን መዝገብ አገላበጡ። በዕድሜም በሌላም ከሚመስሏቸው፣ ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ጋር አነጻጸሯቸው። የሚጠበቀው ታማሚዎቹ ቀድመው እንዲሞቱ ነበር። ውጤቱ ተገልብጦ መጣ፤ ታማሚዎቹ በጥቂቱ የተሻለ ዕድሜ ያገኙ መሰለ። ዛሬ በየስልኩ የሚዞረው ወሬ ትልቁ ምንጩ ይህ ነው።

በሕዋስ ደረጃ ያለውን በቤት አስተዳደር ላስረዳ። ደመወዝ ከእጅ ካለቀ በኋላ ባለው ሳምንት አዲስ ዕቃ የሚገዛ ቤት የለም። ያለው ይጠገናል፣ የተቀደደው ይሰፋል፣ ጓዳው ይፈተሻል። ሜትፎርሚን ሕዋሱ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ክፍል፣ ሚቶኮንድሪያን፣ ትንሽ ያቀዘቅዘዋል። ሕዋሱ "ወሩ አልቋል" ብሎ ያስባል። ኤኤምፒኬ የሚባል ቆጣቢ ሥርዓት ይነሣል። ማደግና መብዛት ይረግባል፣ ጥገና ይበረታል። ምግብ መቀነስ እንስሳት ላይ ዕድሜ እንደሚያረዝም ከታወቀ ቆይቷል። ሜትፎርሚን ያንን በኪኒን ይተካ እንደሆነ ነው ተስፋው።

ጥሩ ተስፋ ነው። እኔም ቢሳካ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ተረጋግጧል ማለት ነው?

አልተረጋገጠም። ስኳር የሌለበት ጤነኛ ሰው ሜትፎርሚን ወስዶ ዕድሜው እንደረዘመ ያሳየ አንድም የሰው ሙከራ የለም። ይህን ደጋግሜ የምናገረው ኪኒኑን ጠልቼ አይደለም።

የ2014ቱ ጥናት የት ላይ እንደሚያሳስት እንይ። መቶ ሰዎች ከሽሮ ሜዳ ተነሥተው ወደ እንጦጦ መውጣት ጀመሩ እንበል። መንገድ ላይ የደከመውንና የተቀመጠውን ሁሉ ከመዝገብ እየሰረዝን ሄድን። ጫፍ የደረሱትን ብቻ ለካንና "እንጦጦ የወጡ ሰዎች ትንፋሻቸው ግሩም ነው" አልን። ትንፋሻቸው ግሩም የሆነው ዳገቱ ስለሠራላቸው ነው ወይስ ደካሞቹን ስለሰረዝናቸው? በዚያ ጥናት ሕመሙ ብሶበት ሌላ መድኃኒት የተጨመረለት ሰው ከቆጠራው ይወጣ ነበር። የቀሩት ቀድሞውኑ ሕመማቸው የቀለለላቸው ናቸው። በ2022 የታተመ የዴንማርክ ጥናት ይህን ጉዳይ እንደገና አየው። ሜትፎርሚን የጀመሩት የስኳር ታማሚዎች ስኳር ከሌለባቸው ሰዎች ቀድመው ነው የሞቱት። ብልጫው ጠፋ።

አይጦቹም አንድ ድምፅ የላቸውም። በ2013 በታተመ ሙከራ ጥቂት ሜትፎርሚን ከምግባቸው ጋር የተቀላቀለላቸው ወንድ አይጦች ዕድሜ ወደ 6 በመቶ ገደማ ረዘመ። መጠኑ አሥር እጥፍ የሆነባቸው ግን ዕድሜያቸው አጠረ። በኋላ የአሜሪካ የእርጅና ኢንስቲትዩት ባቋቋመው መርሐ ግብር፣ በሦስት የተለያዩ ቦታዎች አንድ ዓይነት ሙከራ ተደርጎ፣ ሜትፎርሚን ብቻውን የሚታመን የዕድሜ ጭማሪ አላመጣም።

ስለ ጦጣዎቹ የሰማሁትስ?

እውነት ነው፤ የሚገርምም ነው። በ2024 የቻይና ተመራማሪዎች ያረጁ ወንድ ጦጣዎችን ለ40 ወራት ሜትፎርሚን እየሰጡ አዩ። የብዙ የሰውነት ክፍሎች የእርጅና ምልክት ቀነሰ። አንጎላቸው ላይ ያለው ውጤት ከሁሉ ይበልጥ ነበር፤ ስድስት ዓመት ገደማ ያነሰ ዕድሜ ያለው ጦጣ አንጎል መሰለ። እኔ ስሰማው ደነገጥኩ። ነገር ግን መድኃኒቱን የወሰዱት 12 ጦጣዎች ናቸው። ሁሉም ወንዶች ናቸው። ረጅም ዕድሜ ኖሩ ወይ የሚለውም አልተለካም። ትልቅ ጥናት እንዲደረግ የሚጋብዝ ውጤት ነው። ኪኒን ለመግዛት ግን አይበቃም።

ሰው ላይ ለምን በአግባቡ አይሞከርም?

የታቀደ ሙከራ አለ። ቴም ይባላል። ኒው ዮርክ በሚገኘው የአልበርት አንስታይን የሕክምና ኮሌጅ ዶክተር ኒር ባርዚላይ የሚመሩት ሐሳብ ነው። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 79 የሆነ፣ ስኳር የሌለባቸው 3,000 ሰዎች በ14 ቦታዎች ለስድስት ዓመት ክትትል እንዲደረግላቸው ታስቧል። ግማሾቹ ሜትፎርሚን፣ ግማሾቹ መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ይወስዳሉ። የሚታየው ዕድሜ ብቻ አይደለም። የልብ ሕመም፣ ካንሰር፣ የመርሳት ችግርና ሞት ይዘገያሉ ወይ ነው።

ሐሳቡ በ2015 ለአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ቀርቦ ነበር። የገታው ገንዘብ ነው። ሜትፎርሚን ርካሽ ነው፤ ማንኛውም ፋብሪካ ሊያመርተው ይችላል። ስለዚህ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር አውጥቶ የሚያስጠናው ኩባንያ አልተገኘም። እርጅናም በራሱ እንደ በሽታ ስለማይቆጠር "ለእርጅና" ተብሎ የሚፈቀድ መድኃኒት የለም። ይህ ያሳዝነኛል። ለድሃም የሚደርስ ኪኒን ስለሆነ ብቻ ጥያቄው ሳይመለስ መቅረት አልነበረበትም።

ጂም እሠራለሁ። ብወስደው ይጠቅመኛል?

ሊጎዳዎት ይችላል። ይህ ብዙ ሰው ያልሰማው ክፍል ነው።

በ2019 ሁለት ጥናቶች ወጡ። በአንዱ ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ሰዎች ለ14 ሳምንት ክብደት አነሡ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ካልወሰዱት ያነሰ ጡንቻ አበጁ። በሌላው ለ12 ሳምንት የልብና የሳንባ ስፖርት የሠሩ በዕድሜ የገፉ ሰዎች ነበሩ። ሜትፎርሚን የወሰዱት ከስፖርቱ ያገኙት የትንፋሽ ብርታት ካልወሰዱት ግማሽ ያህሉ ነው።

ምክንያቱ ከላይ ያልነው ነው። ስፖርት ሕዋሱን "ሥራ፣ እደግ" ይለዋል። ሜትፎርሚን "ቆጥብ" ይለዋል። ንጋት ላይ መስቀል አደባባይ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ፣ ጃንሜዳ የሚሮጡ ሰዎች ዕድሜን እንደሚጠቅም በደንብ የተረጋገጠ ነገር እየሠሩ ነው። በእሱ ላይ ያልተረጋገጠ ኪኒን ጨምሮ የተረጋገጠውን መሸርሸር ለእኔ አይታየኝም። ስኳር ያለበት ሰው ግን ይህን አንብቦ መድኃኒቱንም ስፖርቱንም እንዳይተው። ለእሱ ሁለቱም ያስፈልጉታል።

ጉዳቱስ ምንድን ነው?

በጣም የተለመደው ሆድ ነው። ተቅማጥ፣ ማቅለሽለሽ፣ አፍ ውስጥ ብረት ብረት የሚል ጣዕም። አብዛኛው ሰው ላይ ከሳምንታት በኋላ ይለቃል። በትንሽ መጠን መጀመርና ከምግብ ጋር መውሰድ ይረዳል።

ከባዱ ኩላሊት ነው። ሜትፎርሚን ከሰውነት የሚወጣው በኩላሊት ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ኩላሊት ከደከመ መድኃኒቱ ይከማቻል፣ ደም ውስጥ አሲድ ሊበዛ ይችላል። አልፎ አልፎ የሚደርስ ነገር ነው፤ ከደረሰ ግን ይገድላል። ፌንፎርሚን የሚባለው የቅርብ ዘመዱ በ1970ዎቹ መጨረሻ በዚሁ ምክንያት ከአሜሪካ ገበያ ወጥቷል። አሜሪካ ሜትፎርሚንን ለመፍቀድ የዘገየችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ስኳር ያለበት ሰው ክትትል ላይ ስለሆነ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየውን የደም ምርመራ፣ ክሬቲኒን፣ ይመረመራል። ከጎረቤት ተቀብሎ የሚውጥ ሰው ግን ኩላሊቱ በምን ደረጃ ላይ እንዳለ በምን ያውቃል? አረቄ ወይም ሌላ መጠጥ የሚያበዛ፣ ጉበቱ የተጎዳ፣ ቀለም ተወግቶ ሲቲ ስካን የሚነሣ ሰውም ለሐኪሙ መንገር አለበት።

ሦስተኛው ቫይታሚን ቢ12 ነው። እሱን ለብቻው ላውራው።

ጾመኛ ነኝ። ለእኔ የተለየ ነገር አለ?

አለ። የእኛ አገር ሰው ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ቢ12 የሚገኘው ከሥጋ፣ ከወተት፣ ከእንቁላልና ከዓሣ ነው። ከጤፍ፣ ከሽሮ፣ ከምስር፣ ከጎመን አይገኝም። ሰባቱን አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብን የሚጠብቅ ሰው የዓመቱን ግማሽ ያህል ወይም ከዚያ በላይ ከእነዚህ ምግቦች ይርቃል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው። ጉበት ቢ12ን ለዓመታት የሚሆን ያህል ስለሚያከማች ጤነኛ ሰው ፋሲካ ላይ ሲገድፍ ጓዳውን መልሶ ይሞላል። ጾሙን እየወቀስኩ አይደለም። እኔም እጾማለሁ።

ሜትፎርሚን ግን አንጀት ቢ12ን ከምግብ እንዳይቀበል ያዳክመዋል። መድኃኒቱ ለዓመታት ሲወሰድ ይበልጥ ይታያል። ዕድሜ ሲገፋ የጨጓራ አሲድ ስለሚቀንስ መቀበሉ በራሱ ይደክማል። በዚህ ላይ ኦሜፕራዞል አለ። ጨጓራ የማያመው የአዲስ አበባ ሰው ስንት ነው? ለወራት ያለማቋረጥ ኦሜፕራዞል የሚውጡ ደንበኞች አሉኝ። እሱም የቢ12ን አቀባበል ይቀንሳል። ጾም፣ ዕድሜ፣ ኦሜፕራዞል፣ ሜትፎርሚን። አራቱ በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ አስቡት።

ቢ12 ሲጎድል እግር ይደነዝዛል፣ ይቆጠቁጣል። ድካም ይመጣል፣ ደም ያንሳል፣ መርሳት ይበዛል። ሰውየው "አረጀሁ" ይላል። እርጅናን ሊያዘገይ የጀመረው ኪኒን የእርጅና ምልክት ያመጣበታል ማለት ነው። ስኳር ያለባቸው ላይ ደግሞ መደንዘዙ የስኳር ነርቭ ሕመም ይመስላል፤ ሳይመረመር ያልፋል። ሜትፎርሚን ለዓመታት የወሰዱና እግራቸው የሚደነዝዝ ዘመድ ካለዎት "ቢ12 ተለክቶ ያውቃል?" ብለው ይጠይቁላቸው። ከተገኘ በኪኒን ወይም በመርፌ ይታከማል።

በረመዳን የሚጾሙ የስኳር ታማሚዎች የኪኒኑን ሰዓት ወደ ኢፍጣርና ሱሁር ያዞራሉ። ወሩ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር መነጋገር ይሻላል።

የእናቴ ኪኒን ቤት ውስጥ አለ። ከእሷ እየወሰድኩ ብሞክረውስ?

እባክዎ አያድርጉት። አንድ ልጅ እንዲህ ያደርግ እንደነበር የደረስኩበት በእናቱ በኩል ነው። የወር መድኃኒታቸው በሃያ ቀን እያለቀባቸው ይመጡ ነበር። "ጠፋብኝ መሰለኝ፣ ወይ ሁለቴ እየዋጥኩ ይሆናል" አሉኝ። የማስታወስ ችሎታቸውን ተጠራጠሩ። አሥር ቀን ያለ መድኃኒት የቆዩበት ወር ነበር። ስኳራቸው 300 አልፎ ነበር። ልጁ ክፉ አይደለም፤ ሲያውቅ አለቀሰ።

ያለ ማዘዣ ትሸጡልኛላችሁ?

አንሸጥም። በማዘዣ የሚሰጥ መድኃኒት ነው።

ስኳሬ "ድንበር ላይ ነው" ተብያለሁ። እኔስ?

እርስዎ ለየት ይላሉ። ሳይበሉ የተለካ ስኳር ከ100 እስከ 125 ከሆነ ቅድመ ስኳር ይባላል። እዚህ ላይ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ሙከራ ከ3,000 በላይ እንዲህ ዓይነት ሰዎችን ተከታተለ። ሜትፎርሚን ወደ ስኳር ሕመም መግባትን በ31 በመቶ ቀነሰ። ክብደታቸውን በ7 በመቶ ለመቀነስና በሳምንት 150 ደቂቃ ለመንቀሳቀስ የሠሩት ግን በ58 በመቶ ቀነሱ። ዕድሜያቸው ከ60 በላይ ለሆኑት እንቅስቃሴው 71 በመቶ ደርሷል፤ ኪኒኑ ለእነሱ ያን ያህል አልሠራም።

150 ደቂቃ ማለት በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ሰዓት ነው። ከፒያሳ አራት ኪሎ ያለው የእግረኛ መንገድ አሁን ሰፍቷል። ታክሲ ሰልፍ ላይ የምንቆምበት ጊዜ ደርሶ መልስ ያስኬዳል። ሐኪምዎ ወጣት ስለሆኑ፣ ክብደትዎ ከፍ ስላለ ወይም በእርግዝና ጊዜ ስኳር ስለነበረብዎ ሜትፎርሚን ካዘዙ ግን ምክንያት አላቸው፤ ይውሰዱ።

ስኳር አለብኝ። ይህን ካነበብኩ በኋላ ላቁመው?

በፍጹም። ለእርስዎ የተረጋገጠ መድኃኒት ነው። ልብዎን፣ ዓይንዎን፣ ኩላሊትዎን ከስኳር ጉዳት የሚጠብቅ ሕክምና አካል ነው። ሜትፎርሚን ራሱ "ኩላሊት ይበላል" የሚባለው ወሬም ስሕተት ነው። ኩላሊትን የሚጎዳው ያልተያዘ ስኳርና ያልተያዘ ግፊት ነው። ኩላሊት ሲደክም መጠኑ የሚቀነሰው ወይም የሚቆመው መድኃኒቱ እንዳይከማች ነው።

አባቴ 74 ዓመቱ ነው፣ ስኳር የለበትም። ኪኒኑ ካልሆነ ምን ላድርግለት?

ደም ግፊቱን ያስለኩ። ሰው ግፊት ይዞት ለዓመታት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ከዚያ ስኳሩን፣ ክሬቲኒኑን፣ የደም መጠኑን፣ ከተቻለም ቢ12ን ያስመርምሩ። ዓይኑንና ጆሮውን አይርሱ፤ መስማት የተሳነው ሽማግሌ ከጨዋታ ይርቃል፣ ከጨዋታ የራቀ ቶሎ ይደክማል። የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በአንድ ፌስታል ሰብስበው ወደ ሐኪሙ ወይም ወደ እኛ ይዘው ይምጡ። የማያስፈልግ ኪኒን አይጠፋም። ከወንበር ያለ እጁ ድጋፍ ተነሥቶ መቀመጥን በቀን ጥቂት ጊዜ ያለማምዱት። በፍስክ ጊዜ እንቁላልና ወተት አይጉደልበት።

ያን ቀን ሰልፍ ላይ የጠየቁኝ እናት በሳምንቱ ተመልሰው መጡ። አረፍ አሰኝቼ ግፊታቸውን ለካሁ፣ ከደቂቃዎች በኋላ ደገምኩት። ሁለቱም ከፍ ያሉ ነበሩ። በአካባቢያቸው ወዳለው ጤና ጣቢያ ላክኋቸው። አሁን በየወሩ የግፊት መድኃኒታቸውን ሊወስዱ ይመጣሉ፤ ስለ እርጅና ኪኒኑ አዲስ ነገር እንደወጣም ይጠይቁኛል።